እትዬ አንጓች፣ እንግባ ወይ?

ቁጭ በሉ፣ እሷን የምንጠራበት ሰዓት ገና ነው። ልብሳችሁን አታውልቁ። ማሰሮዋንም እንዳትነኳት፤ እዚያው ውሃው ዳር ትቆይ። አውቃለሁ፣ ጳጉሜን ሦስት ነው፣ ሩፋኤል ነው፣ ሌላው አገር ይህን ጊዜ ወንዝ ገብቶ እየተንቦጫረቀ ነው። እኛ አንገባም። እኛ መጀመሪያ እንጠብቃለን። ስንጠብቅ ደግሞ ለምን እንደምንጠብቅ እነግራችኋለሁ፤ ያኛው ልጅ ድንጋይ መወርወሩን ቢተውልኝ።

ድሮ ነው። ይህ የተደገፍኩት ሾላ በእጅ ጭብጥ በሚያዝበት ዘመን፣ ከእናንተ መሃል የአንዳችሁም አያት ባልተወለደበት ዘመን፣ በዚህ በወይባ ወንዝ ዳር አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ስሟ አንጓች ነበር።

ስሟን ግን የሚጠራው አልነበረም። «ያቺ ሸክላ ሠሪ» ይሏታል። እናንተ የጎረቤታችሁን ሴት እትዬ እከሊት ትላላችሁ አይደለም? እሷን እትዬ ያላት አንድም ሰው የለም። ቡዳ ናት ይሉ ነበር። ዓይኗ ሰው ይበላል ይሉ ነበር። ወጡን በእሷ ድስት ይሠራሉ፣ ውሃውን በእሷ እንስራ ይቀዳሉ፣ ጠላውን በእሷ ጋን ይጠምቃሉ፤ እጇን ግን አይነኩም። የእንስራዋን ዋጋ እህል ከመሬት አስቀምጠውላት ዞር ይላሉ። ይህን ሳወራ አፌን ይመረኛል። ግን የእኛው ሰዎች ናቸው፣ ምን ላድርግ?

መንደሩ ላይ ቦታ አልሰጧትም። ደረቁንና ደህናውን ለራሳቸው ይዘው እሷንና ባሏን ቸኮልን ከታች ከወንዙ ጥግ አስቀመጧቸው። ልጅ አልነበራቸውም። እሱ አፈር ይቆፍራል፣ ጭቃ ያቦካል። እሷ ሸክላውን ትሠራለች፣ በእሳት ትተኩሳለች። ይዋደዱ ነበር ይባላል። ከቁፋሮ ሲመለስ እግሩን ታጥበዋለች፤ እሷ እሳቱ ዳር ስትቀመጥ እሱ ጭሱን በጋቢው ያባርርላታል።

አንድ ክረምት፣ በነሐሴ፣ አንጓች በማለዳ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ወንዙ የለም። ትናንት ደረት ይደርስ የነበረው ወይባ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚሸፍነው ሰማያዊ ጭቃ ተገልጦ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። ሸክላ ሠሪ እንዲህ ያለውን ጭቃ የምታየው በሕልሟ ነው። ይለሰልሳል፣ እሳት ውስጥ አይሰነጠቅም፣ ትልቅ ጋን ይወጣዋል። አንጓች ደስ አላት፤ እየሮጠች ተመለሰች።

«ቸኮል፣ ተነስ! ወንዙ ጠፍቷል። ሳይመለስ ቆፍርልኝ!»

ቸኮል ዶማውንና አቅማዳውን ይዞ ወረደ። አንድ አቅማዳ ጭቃ አመጣ። ሁለተኛም አመጣ።

«ይበቃሻል?» አላት።

«አንዴ ብቻ ጨምርልኝ» አለችው።

ሊጨምርላት ወረደ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ነገር ግን ከላይ፣ ወንዙ ከተራራው በሚወጣበት ጠባብ ገደል፣ ሌሊቱን መሬት ተንዶ ውሃውን ዘግቶት ኖሯል። ወይባ አልጠፋም፤ ከናዳው ኋላ ሲጠራቀም ነበር ያደረው። ናዳውን ጣሰው። ደራሽ ውሃ መጣ። ድንጋይ ከድንጋይ እያጋጨ፣ ዛፍ ከነሥሩ እያንከባለለ መጣ። አንጓች ከደጇ ቆማ ታያለች። ቸኮል አቅማዳውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቀና ሲል አየችው። ከዚያ በኋላ የለም።

በአራተኛው ቀን ከታች፣ ከአሸዋ ውስጥ አገኙት። የማርያም ቄስ መምሬ ጥበቡ ደግ ሰው ነበሩ፤ መንደሩ እያጉረመረመባቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከጥጉ አስቀበሩት። አንጓች ከመቃብሩ አጠገብ የአንድ ሰው ቦታ ለካች። ዙሪያውን ድንጋይ ደረደረች።

«ይህ የእኔ ነው አባቴ» አለቻቸው። «ልጅ የለኝም፣ ዘመድ የለኝም። የላክሁት እኔ ነኝ፤ አንዴ ብቻ ጨምርልኝ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ከጎኑ ቅበሩኝ።»

«እሺ ልጄ» አሉ መምሬ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንጓች በዚህ ዓለም ላይ የምትፈልገው ነገር ያ ቦታ ብቻ ነበር። ይህን ያዙልኝ።

ጎርፉ የወንዙን ዳር ገምሶት ሄዶ ነበር። አንጓች አፈር ታውቃለች፤ የተገመሰውን ቆማ አየችው። ጥቁር አፈር አለ፣ ከሥሩ የአሸዋ መስመር አለ፤ ደግሞ ጥቁር አፈር፣ ደግሞ የአሸዋ መስመር። በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ሰባት ሆነ። ከሁሉም በላይ ቸኮልን የወሰደው አሸዋ ገና እርጥብ ነበር። ስምንት። ያን ሁሉ አሸዋ ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃ እዚያ ላይ አያወጣውም። ተነስታ ወደ ላይ ወጣች፤ ለጭቃ ሹሙ ለደምለው ነገረችው። ደምለው የመንደሩ አዛዥ ነበር፣ ገና ጎልማሳ፣ ቶሎ የሚቆጣ ሰው።

«ወንዙ ስምንት ጊዜ ወጥቷል ጌታዬ። ዘጠነኛም ይወጣል። ከታች ያሉት ቤቶች ይነሱ» አለችው።

«አባቶቻችን ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልነገሩን» አላት።

«የሚነግሩዎትን ወስዷቸው ይሆናል ጌታዬ» አለችው።

ሳቀባት። አብረውት የተቀመጡትም ሳቁ። እሷ ተመልሳ ወረደች።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ጀመረች። እሳት ያልነካት ትንሽ ማሰሮ ትሠራለች። ክረምት ሲገባ ከውሃው ዳር፣ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጋ ታስቀምጣታለች። ጥሬ ሸክላ ፀሐይ ላይ ቢውል ምንም አይለውም፤ ውሃ ከነካው ግን ይሟሟል። አንጓች በየማለዳው ወርዳ ማሰሮዋን ታያለች። ሦስት ክረምት እንዲህ አደረገች። ሦስት ክረምት ማሰሮዋ ሳትነካ ከረመች፤ መንደሩም «የወንዝ ዘበኛ» እያለ ሲቀልድባት ከረመ።

በአራተኛው ክረምት፣ በሐምሌ፣ በማለዳ ስትወርድ ማሰሮዋ የለችም። በቦታዋ አንድ እፍኝ ጭቃ አለ። የወንዙም ሽታ ተለውጧል፤ አዲስ የተቆፈረ መሬት ይሸታል። ሰማዩ ግን እንደዚያ ጊዜው ጥርት ያለ ነው። ሰው ሁሉ ከታችኛው ማሳ ወንፈል ወጥቶ አረም ያርማል። አንጓች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከማሳ ማሳ ሮጠች።

«ደራሽ! ደራሽ ሊመጣባችሁ ነው! ውጡ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ፀሐይዋን አላየሻትም?» አላት አንዱ።

«ዝናቡ ተራራው ላይ ነው፤ ስለ እግዚአብሔር ውጡ!» አለች።

እኩሌቶቹ ሳቁና አረማቸውን ቀጠሉ። እኩሌቶቹ ዓይኗን ፈርተው ፊታቸውን ሸፍነው ከማሳው ወጡ። እስቲ ጉድ በሉ፣ እሷን ሸሽተው ነው የተረፉት። የሳቁት እዚያው ቀሩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ሳትደርስ ወይባ ከአልጋው ወጣ። ማሳውን ወሰደ፣ በሬ ወሰደ፣ አምስት ሰው ወሰደ። ከአምስቱ አንዱ የደምለው ታናሽ ወንድም ነበር።

እግሯን ሳሟት ብላችሁ ከጠበቃችሁ የእኛን ሰዎች አታውቋቸውም። ደምለው ወንድሙን ከዓይኑ ብሌን ለይቶ አያየውም ነበር። ሐዘኑን የሚጥልበት ፈለገና እሷን አገኘ።

«በጠራራ ፀሐይ ጎርፍ እንደሚመጣ ሰው በምን ያውቃል?» አለ። «የጠራችው እሷ ናት። በአፏ ጠራችው፣ መጣ።»

ነገሩ ላዘነው ሁሉ ገባው። ዱላና ድንጋይ ይዘው ወረዱ። መምሬ ጥበቡ መስቀላቸውን ዘርግተው መሃል ገቡ፤ ነፍሷን አስጣሏት። ግን ሰውን በባዶ እጅ መመለስ አልቻሉም። ከማርያም ቅጥር ውስጥ አቆሟትና ገዘቷት።

«ከዛሬ ጀምሮ ስለ ጎርፍ አንድ ቃል ከአፍሽ ቢወጣ፣ በማርያም ስም ገዝቼሻለሁ፣ ከዚህ ቅጥር አትቀበሪም» አሏት።

አንጓች የቸኮልን መቃብር አየች። አጠገቡ የደረደረችውን ድንጋይ አየች።

«እሺ አባቴ» አለች።

ከዚያም ከወንዙ ማዶ፣ እዚያ ከምታዩት ጉብታ ላይ ጎጆ ቀለሱላትና ትተዋት ተመለሱ። ወይባ ይብላት፣ አሉ። አባረሯት፤ እንስራና ድስት ከእሷ መግዛቱን ግን አልተዉም። በጋ በጋ ወንዙ ሲጎድል ይሻገራሉ፣ ይወስዳሉ፣ እህሉን መሬት ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ። አንጓች ቃሉ እንዳያመልጣት ፈርታ ጭራሹን መናገር ተወች። ስትጠየቅ በራሷ ትነቀንቃለች። ስድስት ዓመት ድምፅዋን የሰማ የለም። ክረምት ሲመጣ ግን በእሷ በኩል ካለው ዳር ጥሬ ማሰሮዋን ታስቀምጣለች።

በሰባተኛው ዓመት የመንደሩ ማኅበር ለመስከረም ማርያም ንግሥ ሦስት ጋኖች አዘዛት። በግንቦት ሠራቻቸው። ያን ጊዜ ቸኮል በሁለት አቅማዳ ያመጣላትን ሰማያዊ ጭቃ እስከዚያ ድረስ አልነካችውም ነበር። አስቀምጣው ኖራ ነው። ለማርያም ሲሆን ጊዜ አወጣችው። በየጋኑ አንገት ላይ መስቀል ቀረጸችበት። ከእነዚያ ጋኖች የሚያምር ጋን በዚህ አገር ታይቶ አያውቅም ይባላል። ከጎጆዋ ደጅ ደርድራቸው ክረምቱ እስኪያልፍ ትጠብቅ ነበር።

ጳጉሜን ሦስት ሆነ። እንደ ዛሬው። መንደሩ ለሩፋኤል ሊታጠብ ወረደ። ሽማግሌው፣ አሮጊቱ፣ አራሷ፣ ሕፃኑ፣ መምሬ ጥበቡም ሳይቀሩ ወረዱ። ሲደርሱ ወንዙ የለም። ወይባ እንደ ክር ቀጥኖ በድንጋይ መሃል ይንሸራተታል። ደስታውን አትጠይቁኝ! ሩፋኤል ውሃውን አረጋልን አሉ። ልጆቹ ከወንዙ አልጋ መሃል ገብተው ዓሣ በእጃቸው ይይዛሉ። ሴቶቹ ልብሳቸውን ከድንጋዩ ላይ ያሰጣሉ። ማዶ የተቀመጠችውን ጥሬ ማሰሮ አይቶ አንዱ «ዘበኛዋ፣ ማሰሮሽ ደርቃለች!» ብሎ ጮኸ፤ ተሳሳቁ።

አንጓች ከጉብታው ላይ ሆና አየች። ማሰሮዋ ደርቃለች፤ እውነት ነው። ውሃው ከማሰሮዋ ሸሽቷል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። እሷም አንድ ጊዜ እንዲህ ደስ ብሏት ነበር።

አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ መጣ። ከወንዙ ባሻገር የማርያም ቅጥር ይታያታል፤ ጥጉም ይታያታል። አፏን በእጇ ያዘች። ደግሞስ ብትናገር ማን ይሰማታል? በፊት ተናግራ ማን ሰማት? በዚያች ሰዓት ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ ሰው ሁሉ የየራሱን ይናገራል። ያደረገችውን ግን እናውቃለን።

አንዱን ጋን ገፋችው። ጋኑ በጉብታው ተንከባለለና ከታች ካለው ቋጥኝ ላይ ተሰባበረ። ሰው ቀና አለ። አምልጧት ነው አሉ።

ሁለተኛውን ጋን ሁሉ እንዲያያት ከፊቷ አቆመችው። ድንጋይ አነሳች፣ መታችው። ሰው የያዘውን ሥራ ተወ።

ሦስተኛውን ጋን ወደ እነሱ አዞረችው። መስቀሉን አሳየቻቸው። መስቀሉን አንዴ ሳመችው፤ ከዚያ እዚያው መስቀሉ ላይ ድንጋዩን አሳረፈችበት።

«የማርያምን ጋን!» ብሎ ጮኸ ደምለው።

ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ተነሳ። ወንዶቹ ወንዙን ተሻግረው ጉብታውን ተያያዙት። ሴቶቹ ደም እንዳይፈስ ኡኡ እያሉ ባሎቻቸውን ተከተሉ። ልጆች እናቶቻቸውን ተከተሉ። መምሬ ጥበቡ ሁሉንም «ተው!» እያሉ ተከተሉ። አንጓች ወደ ላይ ወጣች። አልሮጠችም። ትንሽ ትወጣለች፣ ዞር ብላ ታያለች። ትንሽ ትወጣለች፣ ዞር ብላ ታያለች። ከላይ ስትደርስ ከወንዙ አልጋ ውስጥ አንዲት ምርኩዝ የያዘች አሮጊት ብቻ ቀርታለች፤ ቀስ እያለች ነው። አንጓች ቆመች። አሮጊቷ አንድ እርምጃ ስትራመድ እሷ ትጠብቃለች። ሌላ እርምጃ ስትራመድ እሷ ትጠብቃለች። ድንጋዩ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ግንባሯን መታት። አሮጊቷ ዳገቱን ስትረግጥ አየችና ወደቀች።

ከዚያ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ሁሉም ወደ ኋላ ዞሩ። ቅድም የቆሙበት የወንዝ አልጋ፣ ዓሣ የያዙበት፣ ልብስ ያሰጡበት፣ የለም። ውሃና ድንጋይና ዛፍ ብቻ ነው። የተሰጣው ልብስ ነጭ ነጭ እያለ ሲሄድ አዩት። በውስጡ ሰው የለም። አንድ ሰው እንኳ የለም።

ወይባ ሦስት ቀን አልጎደለም። መንደሩ በሙሉ እርቃኑን ያህል ሆኖ ሦስት ቀን ከአንጓች ደጅ ታገተ። ቆሎዋን በሉ። በገሏ ውሃ ጠጡ። እሷ ውስጥ፣ መደብ ላይ ተኝታለች። መምሬ ጥበቡ ራስጌዋ ተቀምጠው አለቀሱ። በሁለተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። ስድስት ዓመት ያልተሰማ ድምፅ ነው፤ ሻክሯል።

«አባቴ፣ ተናገርኩ እንዴ?»

«አልተናገርሽም ልጄ። አንድ ቃል አልወጣሽም።»

«ቦታዬስ?»

«ቦታሽ አለ። ማንም አልነካው።»

ደምለው ሦስቱን ቀን ከጎጆዋ ውጭ ቆሞ ዋለ፣ ቆሞ አደረ። በሸክላ ሠሪ ቤት ደፍ ያለፈ ሰው ከዘሩ አልነበረም። ዝናብ መታው፤ አልተጠለለም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከበሩ ቀርቦ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ አንጓች፣ ልግባ ወይ?» አለ።

ትንሽ ጠበቀ።

«እትዬ አንጓች፣ ልግባ ወይ?»

መምሬ ከውስጥ ወጡና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። ሰምታው እንደሆነ፣ ከመስማቷ በፊት አርፋ እንደሆነ፣ የሚያውቅ የለም። እኔ ሰምታዋለች እላለሁ። እንዲህ የምለው ግን ስላወቅሁ አይደለም፤ ካልሰማችው ስለማልችለው ነው።

በማግሥቱ ውሃው ጎደለ። እጇን ነክተው የማያውቁ ሰዎች በትከሻቸው አሻገሯት። የማርያምን ጋን ሰብራለች ብሎ ያጉረመረመ አንድ ሰው አልጠፋም። መምሬ ጥበቡ ዞረው ሕዝቡን አዩትና «ማርያም የምትቆጥረው ጋኗን ነው ወይስ ልጆቿን?» አሉ። ከቸኮል ጎን፣ በደረደረችው ድንጋይ መሃል ቀበሯት።

ያን የተገመሰ ዳር ዛሬ ሄዳችሁ ብትቆጥሩት የአሸዋው መስመር አሥራ አራት ደርሷል። ወይባ አልተወንም። ከእሷ ወዲህ በመጡት ውስጥ ግን የሰው ነፍስ የለበትም። ከታች ቤት አንሠራም። ጳጉሜን ሦስት ጥሬ ማሰሮ እናስቀምጣለን። ውሃው ማሰሮዋን ከነካት አንገባም። ውሃው ከማሰሮዋ ከሸሸም አንገባም። ባለችበት ከቆየች ያን ጊዜ እሷን ጠይቀን፣ ዝም ብለን አዳምጠን እንገባለን። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌም ቢሆን እትዬ ነው የሚላት።

ጠያቂው ለምን ሁልጊዜ ከእኛ ቤት እንደሆነ አንድ ጊዜ የጠየቀኝ ልጅ ነበር፤ አልመለስኩለትም። ዛሬ ልንገራችሁ። ድንጋዩን የወረወረው ደምለው ነው። ደምለው የአያቴ አባት ነው። ይህ እጄ የእሱ እጅ ነው ይሉኛል፣ ጣቶቹ ሳይቀሩ።

ማሰሮዋን እዩዋት እስቲ። ቆማለች? ውሃውስ ከቦታው ነው? መልካም። ተነሱ፣ ራሳችሁን ግለጡ። ከጠራኋት በኋላ ማንም ድምፅ እንዳያሰማ፤ ማዳመጥ አለብን።

እትዬ አንጓች፣ እንግባ ወይ?